ባልጩት የሌለበት አገር

ታይስቶ ጡረታ ወጣ ከወረቀት ፋብሪካ፣
አርባ ዓመት ማሽን ሲጠግን፣ የብረት ጥርስ ሲለካ።
እጁ ግን ጡረታ አልወጣም፤
ጭን ላይ ተኝቶ መዋል፣ ዝም ብሎ ማርጀት አያውቅም።

የበረዶውን ወራት አነበበ፣ ድንጋይ ዳቦ ሳለ ስለነበሩ፣
ጩቤና ጦር ከድንጋይ ሆድ እየፈለፈሉ ስላደሩ።
ግንቦት ላይ ሐይቁ ሲፈታ ጆንያውን በትከሻው ጥሎ
ወጣ፣
«አንድ ባልጩት አላጣም» ብሎ።

ካይኑ ግን ምን አላት? ጫካ። ከጫካው ሥር ሐይቅ።
ከሐይቁ ሥር ግራናይት፣ ዕድሜውን ራሱ የማያውቅ፣
የበረዶ ተራራ ሲጎተትበት ጀርባው የለሰለሰ፣
መዶሻ ያሳረፈበትን እጅ አደንዝዞ የመለሰ።

መታ። «ዱብ» አለ ድንጋዩ፣ እንደ ነቀዘ ጉቶ።
ሌላው በመዳፉ ቀረ፣ እንደ ጨው ደቅቆ ተፈቶ።
ጥሩ ድንጋይ ሲያንኳኩት እንደ ቃጭል ይመልሳል፤
የካይኑ ድንጋይ እንደ ካይኑ ሰው፣ ሲያንኳኩት ዝም ይላል።
ውሃ ውስጥ የሚኖር ድንጋይ ዋና አያውቅም ይባል የለም?
ታይስቶም ሰባ ዓመት ድንጋይ ላይ ኖሮ ድንጋይ አያውቅም።

ከሳውናው ምድጃ ሦስት ድንጋይ ጎደለ፤ ሌምፒ ደረሰችበት።
«በብርድ ልትገድለኝ ነው? መልስ!» አለች፤ መልሶ ደረደረበት።
ከዚያ የመጸዳጃ ቤቱ የውሃ ጋን ክዳን፣ ነጩ ሸክላ፣ ጠፋ።
ሸርፎ ሸርፎ ጦር አወጣለት፤ ግን ፊቱ ከፋ።
(አይቻታለሁ፤ ፂም ትላጫለች።)
«ይቺ ከሱቅ መጣች» አለኝ፤ «ከአገር አልመጣች።»

የእህቱ ልጅ ዮርማ፣ ዴንማርክ ወደብ ላይ የሚሠራ፣
ሃያ ኪሎ ባልጩት ላከለት በፖስታ፣ ጥቁር፣ የሚያበራ፣
ሲነኩት እንደ ሽንኩርት የሚላጥ።
ታይስቶ ሳጥኑን ከፈተው፤ ዳበሰው፤ ጠጋ ብሎ አሸተተው፤
ከዚያ ክዳኑን መልሶ በበረንዳው በር ሥር አስቀመጠው።
«እሱ የሰው ድንጋይ ነው» አለኝ። «እኔ የምሻው የደጄን።»
ስቄበት ነበር፤ ዛሬ ሳስበው በአፌ እጭናለሁ እጄን።

ነጭ ድንጋይማ ሞልቶ! ኳርትዝ፣ በዓለቱ ጎን እንደ ጅማት የወጣ፣
ሲመቱት ያሻውን መንገድ የሚሄድ፣ ካዘዙት ሌላ የሚመጣ፣
ቂመኛ።
ታይስቶ ረግጦት ያልፋል፤ ማንም ረግጦት ያልፈዋል፤
ልጅ እንኳ ቁራ ሲያባርር ያለሐሳብ ይወረውረዋል።

ነሐሴ ላይ ሌምፒ ድንች ስትቆፍር ከመንሿ ሥር ነጭ ፍንካች ወጣ፤
አንድ አይደለም፤ እፍኝ ሙሉ፣ ባልዲ ሙሉ፣ ከድንቹ በልጦ መጣ።
መሃሉ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ሆዱ ተወግቶ የጎደጎደ።
አንድ ሰው እዚህ ቁጭ ብሎ ነበር፤
ሐይቁ ከዚያ ወዲህ ወረደ።

እሱም ባልጩት አልነበረው፤ ዘመድም ፖስታም አልነበረው፤
የነበረው ይህ ቂመኛ ነጭና፣ ሆዱ ሳይቀደድ የሚጠብቀው
ዓሣ።
ጠርዙን አልለመነም፤ ከጎን አልመታም፤ አቆመው
በጠፍጣፋው ላይ እንደ እንቁላል፤ ከአናቱ በድንጋይ ደቆሰው፤
ከተፈናጠረው የሚቆርጠውን ለቀመ፤ ሌላውን ተወው።

ይህን መጽሐፍ አልነገረውም ታይስቶን፤ ያ ጎድጓዳ ቁስል ነው።
መደቡ ላይ ተንበርክኮ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ዋለ።
«ለካስ!» አላለም፤ የካይኑ ሰው አይደል?
አንድ ነጭ አነሳ። መዶሻውን ጣለ።
ድቡልቡል የሐይቅ ድንጋይ ያዘ።
መጀመሪያ ጣቱን መታ። ሁለተኛም ጣቱን። በሦስተኛው
አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማ፤ ቃጭል አይደለም፤ ጥርስ ሲሰበር ያለው ነው።

ያን ማታ ዓሣውን ቀደደ፣ ጥፍር በምታክል ፍንካች።
ሌምፒ ክንዷን አጣጥፋ አየች።
«ቢላዋው ይሻል ነበር» አለች፤
ግን ጨውን አቀበለች።

የዮርማ ሳጥን ዛሬም እዚያው ነው፤ ነፋስ ሲነሳ በሩን ይይዛል።
ስለ እሱ የጠየቀው ሰው ካለ፣ ታይስቶ፣
«ጥሩ ድንጋይ ነው፤ ይከብዳል» ይላል።